በአርቪ ከሲያትል በካናዳ በኩል ወደ አላስካ፦ ከቤት የተያዘ ምግብ ኬላ ላይ እንዴት ያልፋል?

ጥያቄ
ከ፦ ሰሜን ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁ። በጁላይ የመጨረሻ ሳምንት ባለቤቴን፣ ልጆቻችንንና እናቴን ይዤ በኪራይ አርቪ (ማደሪያና ማብሰያ ባለው መኪና) ከሲያትል ተነሥተን፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያንና ዩኮንን አቋርጠን አላስካ ለመግባት አስበናል። መንገዱ እስከ ፌርባንክስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከዳውሰን ክሪክ በኋላም ደኅና መደብር የሚገኘው በረጅም ርቀት መሆኑን ስለሰማን፣ የምንበላውን አብዛኛውን ከቤት ይዘን ለመሄድ ፈልገናል። አርቪው ማቀዝቀዣም ምድጃም ስላለው የቦታና የማብሰያ ችግር የለብንም፤ ያሳሰበን ኬላው ነው።

እናቴ ከአሁኑ መዘጋጀት ጀምራለች። ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ሠርታ፣ ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን እየከፈለች በረዶ ቤት ልታስገባው፣ ከዚሁ የሚገዛ የበሬ ሥጋ ዘልዝላ ቋንጣ ልታደርግ፣ ቅቤም አንጥራ በጠርሙስ ልትይዝ አስባለች። ከዚህ ሌላ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ጥሬ ቡና አለ። ከጓሮዋ ቆርጣ የምትይዘው ጤና አዳምም አለ። ልጆቹ ደግሞ መንገድ ላይ የሚበሉት ቼሪና ኮክ እንዲገዛላቸው ይፈልጋሉ።

ልብ በሉልኝ፤ የምናልፈው አንድ ድንበር ብቻ አይደለም። ብሌን ላይ ከአሜሪካ ወደ ካናዳ እንገባለን፣ ከዩኮን ጫፍ ደግሞ ከካናዳ ተመልሰን ወደ አሜሪካ እንገባለን። ስለዚህ በመጀመሪያው ኬላ የተፈቀደው በሁለተኛው ሊከለከል ይችላል የሚል ስጋት አለኝ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «ካልተጠየቃችሁ በቀር ስለ ምግብ አትናገሩ» ብሎናል፤ እኔ ግን ይህ ምክር አልተዋጠልኝም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ
ከ፦ የአልካን መንገደኛ

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። የዘመድዎን ምክር አይቀበሉ። የተከለከለ ነገር ይዞ ኬላው ላይ የደረሰ ሰው አስቀድሞ «ይህን ይህን ይዣለሁ» ብሎ ከተናገረ፣ ቢበዛ ዕቃውን አስረክቦ መንገዱን ይቀጥላል። ሳይናገር ተፈትሾ የተገኘበት ግን በካናዳ በኩል እስከ 1,300 የካናዳ ዶላር፣ በአሜሪካ በኩል ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜና ለግል ፍጆታ በሚሆን መጠን እንኳ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ከመካከላችሁ በሁለቱ አገሮች ድንበር በፍጥነት የሚያሳልፈው የኔክሰስ ካርድ ያለው ሰው ካለ ካርዱንም ሊያጣ ይችላል። ደግሞ አርቪ እንደ ተራ መኪና በመስኮት ታይቶ የሚታለፍ አይደለም። ምግብ የሚበሰልበትና የሚቀመጥበት መሆኑን መኮንኖቹ ስለሚያውቁ ወደ ውስጥ ገብተው ማቀዝቀዣውንና ቁም ሳጥኑን መክፈታቸው የተለመደ ነው፤ ሰው የሚያድርበት ቤት ነው በሚል ከፍተሻ ነጻ አይሆንም።

አሁን ወደ እናትዎ ዝግጅት ልምጣ። ዋናው ችግር ያለው ዶሮ ወጡ ላይ ነው። ከ2022 ጀምሮ የወፍ ጉንፋን በአሜሪካ የዶሮ እርባታዎች በመዛመቱ፣ ካናዳ ከአሜሪካ በሚገባ ዶሮና እንቁላል ላይ ገደብ አድርጋለች። ከመደብር እንደታሸገ የተያዘና የአሜሪካ ምርት መሆኑ በማሸጊያው ላይ የተጻፈበት ዶሮ አንድ ነገር ነው፤ በቤት ውስጥ የተሠራ፣ በፕላስቲክ ዕቃ የተከፋፈለ የዶሮ ምግብ ግን ከየት እርባታ እንደመጣ የሚያሳይ ምንም ነገር ስለሌለው ተቀባይነት የለውም። እንቁላሉም እንዲሁ ነው። የእናትዎን ድካም ኬላው ላይ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሲወርድ ከማየት፣ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይቻላል። ቁሌቱን እቤት ይሥሩት፤ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በዘይት ብቻ በደንብ አብስለው፣ ቅቤ ሳይገባበት በረዶ ቤት ያስገቡት። ይህ የበሰለ አትክልትና ቅመም ነው። ዶሮውንና እንቁላሉን ካናዳ ከገቡ በኋላ ፕሪንስ ጆርጅ ከተማ ላይ ትኩሱን ገዝተው ቁሌቱ ውስጥ ይጨምሩት። ከባዱ ሥራ ቀድሞ ስላለቀ ካምፕ ላይ የሚቀረው ዶሮውን ማጠብና ማብሰል ነው።

ቋንጣው ላይ ያለው ጉዳይ ከዶሮው ይለያል። ካናዳ ከአሜሪካ ለሚመጣ ተጓዥ ለአንድ ሰው እስከ 20 ኪሎ ግራም ሥጋ ትፈቅዳለች፣ ነገር ግን ማሸጊያው በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የሚያሳይ መለያ እንዲኖረው ትጠይቃለች። ገመድ ላይ ደርቆ በላስቲክ የታሰረ ቋንጣ ምንም መለያ የለውም፤ የበሬ ይሁን የአጋዘን፣ የአሜሪካ ይሁን የሌላ አገር መኮንኑ ሊያውቅ አይችልም። ኢትዮጵያ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ካለባቸው አገሮች የምትቆጠር ስለሆነች፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቋንጣ ነው ተብሎ ከተጠረጠረ አያልፍም። ስለዚህ ሥጋውን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ብትሻገሩ ይሻላል። ቅቤውም እንደዚሁ ነው። ያልተነጠረውን ከመደብር እንደተገዛ ከነወረቀቱ ይያዙ፤ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና በሶብላውን ደረቁን ለብቻ ይያዙና አርቪው ውስጥ ያንጥሩት። ሽታው ለሁለት ቀን ከአርቪው አይወጣም፤ ይህ ግን ሕግ የማይከለክለው ነገር ነው።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና እንጀራ ብዙ አያስጨንቁም። የደረቀ ቅመም፣ የተፈጨ ጥራጥሬና የተጋገረ ምግብ ሁለቱም አገሮች በአብዛኛው የሚቀበሏቸው ናቸው። ዱቄት ሁሉ ለማያውቀው ሰው አንድ ዓይነት ስለሚመስል ግን በየዕቃው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ በእንግሊዝኛ ምንነቱን ጻፉበት፤ «የተፈጨ ሽምብራ ከቅመም ጋር፣ ሥጋ የለበትም» የሚል አንድ መስመር ብዙ ማብራሪያ ያስቀራል። የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ዝርዝር ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ፤ ኬላው ላይ ስትደርሱ ነቅላችሁ ለመኮንኑ ስጡት። በእኔ ልምድ ዝርዝሩ ሲሰጣቸው ፍተሻው ያጥራል፣ ንግግሩም ይለሰልሳል።

ቼሪውንና ኮኩን በተመለከተ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ራሷ ፍራፍሬ አብቃይ ስለሆነች በእነዚህ ላይ ከሌሎቹ የካናዳ ክፍለ ግዛቶች የጠበቀ ቁጥጥር አላት። ልጆቹ ብሌን ሳይደርሱ በልተው ይጨርሱት፤ በማዶውም የኦካናጋን ሸለቆ ቼሪ በዚያው ወቅት መንገድ ዳር ይሸጣል።

መልስ
ከ፦ የኤድመንተን እህት

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ በካናዳ በኩል ስላለው ልጨምር። ካናዳ ከገባችሁ በኋላ ምግብ እናጣለን ብላችሁ ከልክ በላይ አትጫኑ። ቫንኩቨር ላይ በኮሜርሻል ድራይቭ አካባቢ የአበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ፕሪንስ ጆርጅ፣ ዳውሰን ክሪክና ፎርት ሴንት ጆን ትልልቅ መደብሮች አሏቸው፤ ዋይትሆርስም አብዛኛው የዩኮን ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች የሚያስፈልጋችሁን ታገኛላችሁ። በእውነት ባዶ የሚሆነው ከፎርት ኔልሰን እስከ ዋትሰን ሌክ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው፤ በዚያ መካከል ነዳጅና ጥቂት ሸቀጥ በውድ ዋጋ ከሚሸጡ ማረፊያዎች በቀር ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ማቀዝቀዣችሁን የምትሞሉበት ትክክለኛው ቦታ ፎርት ሴንት ጆን ወይም ፎርት ኔልሰን እንጂ ሲያትል አይደለም።

ሌላው በወገኖቻችን ዘንድ ብዙ ግር ሲያሰኝ የማየው የስጦታ ጉዳይ ነው። እዚህ ላለ ዘመድ በርበሬ ወይም ቡና ይዛችሁ ከሆነ፣ ለራሳችሁ ከያዛችሁት ለይታችሁ ስጦታ መሆኑን ተናገሩ፤ የእያንዳንዱ ስጦታ ዋጋ ከ60 የካናዳ ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ቀረጥ የለበትም። ጠጅ ከያዛችሁ ደግሞ የአልኮል መጠጥ ደንብ ይመለከታችኋል፤ ለአንድ አዋቂ የሚፈቀደው 1.5 ሊትር ወይን፣ ወይም 1.14 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ ወይም 8.5 ሊትር ቢራ ነው፤ ሦስቱንም አንድ ላይ አይደለም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ አዋቂ የሚባለው 19 ዓመት የሞላው ነው። ጫት በካናዳም በአሜሪካም በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ከማንም በአደራ አትቀበሉ፤ በአርቪው ውስጥ ለተገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂው ይዞት የተገኘው ነው።

የማገዶ እንጨትንም ምግብ ባይሆንም ማንሣት ግድ ይለኛል፣ ምክንያቱም አርቪ የሚከራይ ሁሉ ከቤቱ እንጨት መጫን ይወዳል። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ መልክ ያለው የአሽ ዛፍ ቦርቧሪ ጢንዚዛ በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ከታወቀ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ እጅግ ብዙ ዛፎችን ጨርሷል፤ ከቦታ ወደ ቦታ ያዛመተው አንዱ መንገድም ሰዎች በመኪና የሚያጓጉዙት እንጨት ነው። በሙቀት መታከሙ በሰነድ ያልተረጋገጠ እንጨት ድንበር ማለፍ የለበትም። በካምፑ ይሸጣል፤ እዚያው ግዙ፣ እዚያው አንድዱ።

መልስ
ከ፦ የአልካን መንገደኛ

እኅታችን ስለ መደብሮቹ ያለችው ልክ ነው፤ ከዩኮን ወደ አላስካ ስለሚያስገባው ሁለተኛው ኬላ ግን ማንም ስላላነሣ እኔው ልመለስበት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው በመካከል ያለው መንገድ አይቆጠርም ብሎ ያስባል። ለአሜሪካ መኮንን ግን ከካናዳ የምትገቡ ተጓዦች ናችሁ፣ ምግቡም ሁሉ እንደገና ይጠየቃል።

ከካናዳ መደብር የተገዛ ማለት በካናዳ የበቀለ ማለት አይደለም። አሜሪካ በቀላሉ የምታሳልፈው በካናዳ የበቀለና ይህም በመለያው ላይ የተጻፈበትን ፍራፍሬና አትክልት ነው። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ በካናዳ አይበቅሉም፤ ዋይትሆርስ ላይ የተገዙ ቢሆኑም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፣ በዚህም ምክንያት ኬላው ላይ ይቀራሉ። በፍሬው ላይ የተለጠፈችውን ትንሿን ስቲከር አትላጡ፣ መረቡንና ከረጢቱን አትጣሉ፣ ደረሰኝም ያዙ። ልጆች ስቲከር መላጥ ይወዳሉና አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሥጋ ላይ አሜሪካ በአንድ ሰው እስከ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ግራም ገደማ ለግል ፍጆታ ትፈቅዳለች፣ ይህም ማሸጊያውና መለያው እንዳለ ሲሆን ነው። የበግና የፍየል ሥጋ ግን በካናዳ በ2003 የዕብድ ላም በሽታ ከተገኘ ወዲህ ከበሬ ሥጋ በተለየ ጥብቅ ደንብ ሥር ቆይቶ ስለነበር፣ ዋይትሆርስ ላይ በግ ገዝታችሁ ለአላስካ አታስተርፉ። ዶሮ ወጣችሁንም ከአላስካ ድንበር በፊት ያለችው የዩኮን መንደር ቢቨር ክሪክ ሳትደርሱ ብሉት፤ የወፍ ጉንፋን በካናዳም ስላለ የተረፈ የዶሮ ምግብ በዚያም ኬላ ጥያቄ ያስነሣል። አላስካ ከገባችሁ በኋላ ቶክ ላይ ትንሽ መደብር አለ፣ ፌርባንክስ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገኛል።

እንግዲህ የጉዞአችሁን ቀን ሳሰላው፣ በጁላይ የመጨረሻ ሳምንት ተነሥታችሁ በየቦታው እያረፋችሁ ከሄዳችሁ፣ ወደ አላስካ የምትገቡት ነሐሴ 1 ቀን አካባቢ ነው፤ ይህም በፈረንጆቹ ኦገስት 7፣ ፍልሰታ የሚገባበት ነው። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ ሁለተኛው ኬላ ላይ የሚያስቸግር ነገር ቀድሞም ባልተያዘ ነበር፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድርቆሹና በሶው ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም የሌለባቸው ስለሆኑ ለድንበር ደንብ ከእነርሱ የሚመች ምግብ አላውቅም። የፍስኩን ምግብ ለካናዳው ክፍል፣ የጾሙን ለአላስካው ክፍል አድርጋችሁ ብትከፍሉት ጭነቱም ጭንቀቱም ይቀላል።

ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ ሰሜን ተጓዥ

እጅግ አመሰግናችኋለሁ። የቁሌቱን ሐሳብ ለእናቴ ነግሬያት ወዲያው ተቀብላዋለች፤ ዶሮውን መንገድ ላይ መሥራት እንዲያውም ደስ ብሏታል። የፍልሰታው ነገር ደግሞ እኔ ያላሰብሁት ነበር፣ እርስዋ ግን ቀኑን አስቀድማ አስልታው ኖሮ ፈገግ ብላ ዝም አለችኝ። ዘመዳችንንም በአክብሮት ምክሩን እንደማንከተል ነግረነዋል።

ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። እናቴ በሄደችበት ሁሉ ቡና ሳታፈላ አትውልም፤ ጥሬ ቡናው፣ ጤና አዳሙና የምትጎዘጉዘው ቄጤማ ያልፋሉ? ደግሞስ ደንቡ ተለውጦ እንደሆነ ከመነሣታችን በፊት የምናጣራው የት ነው?

መልስ
ከ፦ የአልካን መንገደኛ

ጥሬ ቡና ምንም ፍሬ ሥጋና ገለባ ሳይኖርበት የተፈለፈለና የተጣራ ከሆነ ወደ አላስካ መግባት ይችላል፤ በአሜሪካ ጥሬ ቡና ላይ የተለየ ክልከላ ያለባቸው ቡና የሚያመርቱት ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ናቸው። ከመደብር እንደታሸገ ይያዙት፣ የሚሉትን የሚያረጋግጥ ጽሑፍም ይኖረዋል። የተቆላውና የተፈጨው ደግሞ ጥያቄም የለበትም።

ጤና አዳሙን ተዉት። ለእኛ የቡና ማጣፈጫ ነው፣ በዕጽዋት አመዳደብ ግን ከብርቱካንና ከሎሚ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። አሜሪካ የፍሎሪዳንና የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻ ከበሽታ ለመጠበቅ በዚህ ቤተሰብ ቅጠልና ችግኝ ላይ ጥብቅ ናት፤ ትኩስ ቅንጥብ ይዞ ሁለተኛው ኬላ ላይ መድረስ የሚያስገኘው ነገር የለም። በካናዳው ክፍል እያላችሁ ለመጠጣት ከፈለጋችሁም ብሌን ላይ ለካናዳው መኮንን አሳይታችሁ ይፍረዱበት፤ ቢቨር ክሪክ ስትደርሱ ግን የተረፈውን ጣሉት። ቄጤማውንም ከነአፈሩ ወይም ከነሥሩ ማንም አያሳልፍላችሁም። ካምፕ ላይ ሣር መቁረጥም በብዙ ፓርኮች ክልክል ነው፤ እናትዎ ረከቦቱ ሥር የሚያነጥፉት አረንጓዴ ጨርቅ ቢይዙ ይበቃል።

ማጣሪያውን በተመለከተ፣ የካናዳ የምግብ ቁጥጥር ኤጀንሲ ኤይርስ የሚባል የድረ ገጽ መፈለጊያ አለው፤ የምግቡን ዓይነት፣ የመጣበትን ክፍለ ግዛትና የሚገባበትን የካናዳ ክፍለ ግዛት ስታስገቡ የዕለቱን ደንብ ያሳያችኋል። በአሜሪካ በኩል የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤትና የግብርና ሚኒስቴር ገጾች አሉ። በተለይ የዶሮና የእንቁላሉን በመነሻችሁ ሳምንት እንደገና ተመልከቱ፤ በሽታው በታየበት ቦታ ልክ ገደቡ ይሰፋል፣ ይጠብባል።

ስለ ሰዓቱም ልንገራችሁ። ከቢቨር ክሪክ ቀጥሎ ያለው የአሜሪካው የአልካን ኬላ ሌት ተቀን ክፍት ነው። በዳውሰን ሲቲ (ከዳውሰን ክሪክ የተለየች የዩኮን ከተማ ናት) በኩል በተራራው አናት የሚያልፈውን መንገድ ከመረጣችሁ ግን እዚያ ያለው ትንሹ ኬላ የሚከፈተው በሞቃቱ ወራት ብቻ፣ ያውም በቀን ሰዓት ነው፤ አላስካም በዚያ ወቅት ከዩኮን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የመዝጊያውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር አስልታችሁ ተነሡ።